የጾሙ ወገንና የፍስኩ ወገን

ባለፈው ሳምንት የጓሮዋን ክፍል ያከራየኋት አስተማሪ፣ የአዴት ልጅ ናት፣ ከበራፌ ላይ ቆማ «እትዬ ፈንታ፣ ይሄ ፍሪዘር አልቀዘቅዝ ብሎ አንጀቴን አሳረረው» አለችኝ። ስልኳን አውጥታ ባለሙያ ልትጠራ ነው። እኔ እልጠው የነበረውን ሽንኩርት ትቼ ተነሣሁና መጀመሪያ የጠየቅኋት «ሞተሩ ያርፋል ወይስ አያርፍም?» ብዬ ነው። ግራ ገብቷት አየችኝ። ዝም የሚልበት ጊዜ አለ ወይ ማለቴ እንደሆነ ነገርኳት፤ ልብ ብላ አታውቅም። ሄደን አጠገቡ ዱካ ላይ ተቀመጥን። ግማሽ ሰዓት ሙሉ አጉረመረመ እንጂ አላረፈም። ከፍተን ስናየው በረዶው በግድግዳው ላይ ሁለት ጣት ያህል ተጋግሯል። ይህን አቅልጪለት፣ ሌላ በሽታ የለበትም አልኳት። እንዳልኳት አደረገች፤ በማግስቱ ያስገባችው ውሃ ድንጋይ ሆነላት።

«እርስዎ ደግሞ ይሄን የት ተማሩት?» ብላ ሳቀች።

«ተናድጄ» አልኳት።

እንደ ቀልድ ወሰደችው። ቀልዴን ግን አልነበረም። ክፍል ገብቼ የተማርኩት ጥቂት ነው፤ የቀረውን ካገኘሁት ወረቀት ላይ ነው የለቀምኩት። የፍሪዘርን ነገር ግን ከወረቀት ይልቅ ንዴት ነው ያስተማረኝ፤ እስከዛሬም ሳስበው ፊቴ ይሞቃል።

ያኔ ገና ሃያ አልሞላኝም። አገሬ ከቡሬ ወጣ ብሎ ነው፤ በቆሎና በርበሬ የሚበቅልበት፣ በክረምት ጭቃው ጫማ የሚያስቀር። ቡሬ እየተመላለስኩ ስምንተኛ ክፍልን እንደጨረስኩ አባቴ ከዚህ በላይ ምን ያደርግላታል አሉ። የእሳቸው እህት፣ አክስቴ እትዬ አለሚቱ ናቸው ከፍኖተ ሰላም ድረስ መጥተው፣ ቀን በቤት ሥራ ታግዘኝ፣ ማታ ማታ ትማር ብለው የለመኑልኝ። አባቴ ፈቀዱ፤ ግን በአንድ ነገር ነው። ካስቸገረችሽ በማግስቱ መልሺያት፣ የሚጠብቃት ቤት አለ አሏቸው። ቤቱ የማን እንደሆነ አውቃለሁ። ሊድሩኝ ያሰቡለት ሰውዬ ክፉ አልነበረም። እኔ ግን መማር ነበር የፈለግሁት። መስከረም ላይ ነው የሄድነው፤ አውቶቡሱ ማንኩሳ ላይ ሲቆም እትዬ በመስኮት የተጠበሰ እሸት ገዝተው ሰጡኝ። ትኩሱን እየፈለፈልኩ፣ በዚህ መንገድ ለበዓል ካልሆነ ተመልሼ አላልፍም ብዬ በልቤ ማልኩ። መማል ቀላል ነው።

ፍሪዘሩ የመጣው በጥር ነው። አዲስ አበባ የሚሠራው ታላቅ ልጃቸው በጭነት መኪና ላከላቸው። ነጭ፣ ረጅም፣ ክዳኑ ወደ ላይ የሚከፈት ነው። ሳሎኑ ውስጥ አስቀመጥነው። ጎረቤታችን እትዬ ይርገዱ ሊያዩት መጡና ከዳር እስከ ዳር በዓይናቸው ለክተው «አለሚቱ፣ መቀበሪያሽን በቁምሽ አስመጣሽ እንዴ?» አሏቸው። እትዬ አለሚቱ አልሳቁም። የሚስቁበት ጊዜ አልነበረም።

ምክንያቱ ልጃቸው ማስተዋል ናት። ማስተዋል ነፍሰ ጡር ሆና ለመውለድ እናቷ ቤት መጥታለች። አምና የወለደችው የመጀመሪያ ልጇ ክርስትና ሳይነሣ አልፎባት ነበር፤ በቤቱ ውስጥ ስለዚያ አይወራም። የአሁኑ መውለጃዋ ደግሞ ሁዳዴ መካከል ላይ ወደቀ። አራስ አትጾም፤ ሥጋና ቅቤ ያስፈልጋታል። በሁዳዴ ግን በከተማው ሥጋ ቤቶቹ ሁሉ ዝግ ናቸው፤ እትዬ ደግሞ በጾም ግቢዬ ውስጥ ደም አይፈስም የሚሉ ሰው ናቸው። ስለዚህ በቅበላው ሳምንት ቅርጫ ገቡ። ሥጋውን በአንድ በአንድ ድስት ልክ እየከፈሉ በፌስታል ቋጠሩት። ቅቤው ከገበዝ ማርያም መጣ፤ ገና ሲፈታ የደጋ ሣር የሚሸት ቅቤ። ሁሉም ፍሪዘር ገብቶ እንደ ድንጋይ ደረቀ። እስከዚህ ድረስ ደኅና ነበርን።

ችግሩ ፍሪዘሩ አንድ መሆኑ ነው። የጥር አተር እሸት፣ የተፈጨ ቲማቲም፣ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል፣ ይኼ ሁሉ የጾሙ ነገር እዚያው ነው ያለው። ፍስክና ጾም በአንድ ሣጥን ሊከርሙ ነው። እትዬ ሁለት ቀን አሰቡበትና መርፌ አነሡ። ሁለት የማዳበሪያ ከረጢት አጥበው፣ ተርትረው፣ እንደገና ሲሰፉ አይቻለሁ። ሰፍተው የጨረሱት እኔ ትምህርት ቤት እያለሁ ነው። ቅበላ እሑድ ክዳኑን ስከፍት ፍሪዘሩ ለሁለት ተከፍሎ አገኘሁት። በቀኝ አተሩና ቲማቲሙ፣ በግራ ፍስኩ፤ የፍስኩ ወገን ከላይ በነጭ አቡጀዴ ተሸፍኗል።

«ይሄኛው ወገን ያንቺ ነው» አሉኝ ወደ አተሩ እያሳዩ። «ያን ግን ጣትሽ እንዳይነካው። እሱን ነክተሽ መጥተሽ የጾም ሽሮ ልትሠሪልኝ?»

አልነካሁም። ክዳኑን በከፈትኩ ቁጥር ነጩን ጨርቅ አየዋለሁ፤ ከሥሩ ያለውን ግን አላይም።

መጋቢት ገባ። የፍኖተ ሰላምን መጋቢት የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ቆርቆሮው እኩለ ቀን ላይ ይንጣጣል፣ ውሻው ከጥላ ወደ ጥላ ይዛወራል። መብራቱም አንዳንድ ቀን ከጠዋት እስከ ከሰዓት ይጠፋል። ከምኩራብ እሑድ በኋላ ባለው ሰኞ፣ እትዬ የፍስኩን ወገን ገልጠው ሲያዩ ሥጋው ልስልስ ብሏል፤ ከሥሩ ቀይ ውሃ አቁሯል። አንዱ ፌስታል መሽተት ጀምሯል። እኔን ጠሩኝ።

«ምን አደረግሽው?»

እውነቱን ለመናገር ያፈርኩበት ነገር ነበረኝ። ሙቀቱ ሲብስ በራሴ ወገን ሁለት የውሃ ጠርሙስ እየደበቅሁ፣ እኩለ ቀን ላይ እያወጣሁ እጠጣ ነበር። ያ ይሆን እንዴ አልኩ። ጠርሙሶቹን በዚያው ቀን አወጣኋቸው። ክዳኑን በቀን አንዴ ብቻ፣ ያውም ትንፋሼን ይዤ መክፈት ጀመርኩ። ሐሙስ እትዬ ሲያዩት ያው ነው። እንዲያውም ብሶበታል።

ከዚያ በኋላ ያልተናገረ የለም። እትዬ ይርገዱ «ፍስክ በሁዳዴ ይበረክትልኛል ብለሽ ነው?» አሏቸው። አንዱ የመብራቱ ኃይል አነሰ አለ፤ ሌላው ፀሐይ መትቶት ነው ብሎ ከመስኮቱ አስሸሸን። እትዬ ግን የሚያምኑት አንድ ነገር ነው። ፍሪዘሩ ጥር ላይ ደኅና ነበር፤ እኔ በየቀኑ መክፈት ስጀምር ታመመ። ዓርብ ዕለት በርበሬ እየለቀምን ሳለ ቀና ሳይሉ ተናገሩኝ። እስከ ደብረ ዘይት እሑድ አያለሁ፣ ዳግመኛ ከቀለጠ አባትሽ ዘንድ ትሄጃለሽ፣ ልጄ አራስ ቤት ገብታ የምትበላው ልታጣ ነው፣ ካንቺ ትምህርት የልጄ ነፍስ ትበልጥብኛለች። አልጮኹም። ቢጮኹ ይሻለኝ ነበር።

ደብረ ዘይት ዘጠኝ ቀን ቀርቶታል። ዘጠኝ ቀን!

መጽሐፏን አወጣሁ። ከፍሪዘሩ ጋር የመጣች የእንግሊዝኛ መመሪያ ነበረች፤ ማንም ሳይገልጣት ኮሞዲኖ ውስጥ ተቀምጣለች። ግቢው ውስጥ ካለው ማንጎ ሥር ተቀምጬ በመዝገበ ቃላት አንድ አንድ ቃል እየለቀምኩ አነበብኳት። አንድ ገጽ ሁለት ቀን ፈጀብኝ። የክዳኑን ጎማ ፈትሽ ትላለች፤ ወረቀት አስገብተህ ዝጋና ሳበው፣ ከሾለከ ጎማው ላልቷል። ዙሪያውን ሞከርኩ፤ ወረቀቱ ተቀደደ እንጂ አልሾለከም። ከግድግዳው አርቀው ትላለች፤ ራቀ። ጀርባውን አጽዳ ትላለች፤ በላባ ጠረግሁት። የፍስኩን ወገን አልነካሁም እንጂ ያልነካሁት ቦታ አልነበረም። ሥጋው ግን ያው ልስልስ።

ማክሰኞ ደረጀ መጣ። ደረጀ ሬዲዮም፣ ምጣድም፣ ፍሪጅም የሚሠራ የከተማው ባለሙያ ነው፤ በሞተር ሳይክል ነው የሚዞረው። ክዳኑን ከፈተ፤ እትዬ ነጩን ጨርቅ እንዳይነካ ከአጠገቡ ቆመዋል። ጎኑን በእጁ መታ መታ አደረገ፣ ጆሮውን አስጠጋ፣ «ጋዝ ጨርሷል፤ ዓርብ ቧንቧውን በስቼ እሞላዋለሁ» አለ።

እኔ የአተሩን ከረጢት አንሥቼ አሳየሁት። አተሩ እንደ ጠጠር ይንኮሻኮሻል። «ጋዙ ካለቀ ይሄ ለምን ድንጋይ ሆነ?» አልኩት።

«እህቴ፣ አንቺ ወጥሽን ጠብቂ፣ ጋዙን ለኔ ተዪው» ብሎ ሳቀ። እትዬም አብረው ሳቁ። የዚያን ዕለት ሳቃቸው ነው ከሁሉ የበለጠ ያቃጠለኝ።

ረቡዕ ልብስ አላጠብኩም፣ ግቢም አልጠረግሁም። ዱካዬን ፍሪዘሩ ሥር አድርጌ የግድግዳ ሰዓቱን እያየሁ ሒሳብ ደብተሬ ላይ መጻፍ ጀመርኩ። ሞተሩ ሲነሣ እጽፋለሁ፣ ዝም ሲል እጽፋለሁ። ማስተዋል ሆዷን ይዛ እያለፈች «አንቺ፣ ልታገቢው ነው እንዴ?» ትለኛለች። እኔ ለመሳቅም አፌ አልታዘዝ አለኝ። እስከ ከሰዓት ቆጠርኩ። አሥር ደቂቃ ይሠራል፣ ሃያ አምስት ያርፋል። አሥር ይሠራል፣ ሃያ አምስት ያርፋል። ማረፉም የሥራ ፈት አይደለም፤ የቀን ሥራውን ጨርሶ እጁን እንደታጠበ ሰው ነው ዝም የሚለው።

ይኼ ነገር ውስጤን በላው። ሥጋው እየቀለጠ ምን አስጨረሰው? መጽሐፏን ብትጠይቋት፣ ሣጥኑ ካልቀዘቀዘ ሞተሩ አያቆምም ነው የምትለው። እንግዲህ ፍሪዘሩ በራሱ ዘንድ ቀዝቅዟል። ብርድ አለ፤ አተሩም ምስክር ነው። ብርዱ ወደ ሥጋው አልሄደም ማለት ነው። ለምን?

ለእትዬ ልነግራቸው ሞከርኩ። ሞተሩ አብዝቶ ያርፋል አልኳቸው። በርበሬያቸውን እያበጠሩ፣ ማረፉ ምኑ ያስከፋል፣ እኔም ባርፍ ደስ ይለኝ ነበር አሉ።

ዓርብ ጠዋት ደረጀ የጋዝ ጠርሙሱንና የብየዳ መሣሪያውን ተሸክሞ መጣ። ፍሪዘሩን ከግድግዳው አዞረው፤ ቧንቧውን ሊበሳ ጎንበስ አለ። ያን ጊዜ በመካከል ገብቼ ቆምኩ።

«አንድ ነገር ብቻ መልስልኝ» አልኩት። «ጋዝ የጎደለው ፍሪዘር ሞተሩ ያርፋል?»

ሊስቅ ነበር፤ ከዚያ ግን ተወው። ደብተሬን ሰጠሁት። የጻፍኳቸውን ቁጥሮች አየ፣ ገጹን ገለጠ፣ እንደገና አየ። መጥፎ ሰው አልነበረም፤ ችኩል ነበር እንጂ።

«አያርፍም» አለ ቀስ ብሎ። «ሳያቋርጥ ነው የሚሠራው።» ከዚያ ወደ እትዬ ዞረ። «እትዬ፣ ይፍቀዱልኝና ያን ጨርቅ ልግለጠው።»

እትዬ ራሳቸው ገለጡት። ደረጀ እጁን በከረጢቱና በፍሪዘሩ ግድግዳ መካከል ሰደደ፤ ወዲያው መልሶ አወጣው፣ ጣቱ ላይ የበረዶ ዱቄት ተጣብቋል። ከዚያ ከከረጢቱ ውስጥ፣ ሥጋው ያለበትን ዳሰሰ። ከረጢቱን ጨመቅ ጨመቅ አደረገው። ወፍራም ነበር፤ ለመጋረጃ የተሰፋ መስሎኝ የነበረው ነገር ሥጋውን ከጎንም ከሥርም የከበበ ትልቅ ኪስ ነው።

«በመካከሉ ምን አለበት?» አላቸው።

«ብርድ ልብስ» አሉ እትዬ።

«እንግዲያውስ ብርዱ እንዳይነካው አልብሰውታል'ኮ። ክዳኑ ሲከፈት ከላይ ሙቀቱ ይገባል፤ መብራት ሲጠፋም ይለሰልሳል፤ ብርዱ ግን ከግድግዳው ነው የሚመጣው፣ አላሳለፉትም። ግድግዳው ስለቀዘቀዘ ሞተሩ ሥራዬን ጨረስኩ ይላል።»

እኔ ያን ጊዜ መናገር የምፈልገውን ሁሉ በልቤ አዘጋጅቻለሁ። የዘጠኝ ቀኑን፣ የሳቁትን ሳቅ፣ ትንፋሼን ይዤ የከፈትኩትን ክዳን። እትዬ ግን ዱካዬ ላይ ቁጭ አሉ። ወደ ማንም አልተመለከቱም።

«አምና» አሉ፣ «ለማስተዋል ገንፎ ቅቤ ሳነጥር በዚያው ማንኪያ የራሴን ሽሮ ቀመስኩበት። ሁዳዴ ነው። ሳላውቅ ነው የቀመስኩት፤ ኋላ ነው ትዝ ያለኝ። በሳምንቱ ሕፃኑ ሄደ።»

ደረጀ ጫማውን ያይ ጀመር። ከጓዳ የማስተዋል ሳል ይሰማል። በቤቱ ውስጥ ስለዚያ ሕፃን ሲነገር የሰማሁት ያን ቀን ብቻ ነው። እትዬ በከረጢት የከለሉት ነገር ምን እንደሆነ ያን ጊዜ ገባኝ፤ ንዴቴ ግን አልሄደም።

«እትዬ» አልኩ፣ «እኔ ብሄድ ኖሮ ሥጋው ይድን ነበር?»

መልሳቸውን ሳልጠብቅ ሌላ ነገር ተናገርኩ። ፍስክና ጾም ከማይደባለቅ የጾሙን እናውጣው፣ አተሩን ፀሐይ ላይ እናድርቀው፣ ቲማቲሙ ዛሬ ይሠራ፣ ሣጥኑ በሙሉ የፍስክ ይሁን አልኩ። ያን ማሰብ ይኼን ያህል ከባድ አልነበረም፤ ግን ሥጋው በምን እንደተሸፈነ ሳላይ እንዴት ላስበው?

እትዬ ተነሥተው የአተሩን ከረጢት በገዛ እጃቸው አወጡ። ከዚያ ምላጭ አምጥተው ስፌቱን ተረተሩ። ከከረጢቱ መካከል የወጣው እሳቸው በክረምት የሚለብሱት ብርድ ልብስ ነበር፤ ለሁለት ተቀዷል። ለሰው ሰጥተውታል ብዬ ነበር የማስበው።

ከሥጋው ግማሹን ጣልነው። ያልሸተተውን፣ አንዴ ስለቀለጠ ፍሪዘር ሳንመልሰው፣ ዘልዝለን ቋንጣ ሰቀልነው፤ ቅቤው ሙሉ በሙሉ ዳነ። ማስተዋል በኒቆዲሞስ ሳምንት ወለደች፣ ሴት ልጅ። ቋንጣውን በቅቤ እየቀቀልን አበላናት፤ ልጅቷም በሰማንያ ቀኗ ክርስትና ተነሣች።

ደብረ ዘይት ሲያልፍ ማንም ሂጂ አላለኝም፤ ማንም ቆዪ አላለኝም። ሰኞ ዕለት ዕቃ እያጠብኩ ሳለ እትዬ ከበሩ ላይ «ትምህርትሽ እንዳይረፍድብሽ» አሉኝ። በዚህ ነው ያወቅሁት። አራስ ጠያቂ ሲመጣ ግን ስለ ፍሪዘሩ በጠየቋቸው ቁጥር «ደረጀ ጋዝ ሞላልኝ» እያሉ ነው የሚያወሩት። ጠላ እየቀዳሁ በአጠገባቸው ቆሜ ነው የምሰማው። ደረጀም ሲሰማ አላስተባበለም። ከዓመታት በኋላ እትዬ ሲሞቱ ልቅሷቸው ላይ ሳይቀር ይኼው የጋዝ ነገር ተወራ፤ እኔም እያለቀስኩ ተናደድኩ።

ሰው ሲያረጅ ይቅር ይላል ይባላል፤ እኔ እትዬን ይቅር ያልኳቸው ሌላ ቦታ በራሴ ከተናደድኩ በኋላ ነው። ከጥቂት ዓመት በፊት የመጀመሪያ ልጄ መራዊ ከተማ ወልዳ ላርሳት ሄጄ ነበር። ምጧ ሁለት ቀን ወስዶብን ነፍሴ ከቦታዋ አልነበረችም። ለአራሷ አጥሚት የሚሆነውን እህል እኔው አጥቤ ደጅ አስጥቼ ረሳሁት፤ ዝናብ መጣ። ቤቷ የምትሠራ ልጅ ነበረች፣ ከገጠር ገና የመጣች፣ ዝምተኛ። እህሉ በስብሶ ሳየው አፌ ቀድሞኝ በሷ ላይ ጮኸ። እያወቅሁ ነው። እሷም ማንም ሳይነግራት በማግስቱ ልብሷን ቋጥራ ሄደች።

ለልጄ እህሉን ያሰጣሁት እኔ እንደሆንኩ የነገርኳት ከወር በኋላ ነው። ልጄ ሠራተኛዋን አስፈልጋ ነበር፤ ልጅቷ ወደ አገሯ ተመልሳለች አሏት። ምናልባት አሁን እሷም የሆነ ሰው ቤት ተቀምጣ፣ እህሉን እንዴት አበላሸሁት ብላ ታስብ ይሆናል። ያንቺ ጥፋት አልነበረም የሚላት ሰው አላገኘችም።